ፒተር ፓርከር ሌባውን ለምን አሳለፈው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 «አሜዚንግ ፋንታሲ» በተባለ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት እትም በቀረበው የመጀመሪያው የስፓይደርማን ታሪክ ላይ፣ ጨረር ያገኛት ሸረሪት የነከሰችው ተማሪ ፒተር ፓርከር፣ ያን ያህል ኃይል እያለው፣ የሚሸሸውን ሌባ ለምን እንዳላስቆመው ቢያብራሩልኝ?

መልስ 1፦ የታሪኩ ጥንካሬ እዚያው ላይ ይመስለኛል። ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በ11 ገጽ ያሳዩን፣ እኩዮቹ ሲያላግጡበት የኖረና ከአጎቱና ከአክስቱ በቀር ለማንም ግድ የሌለው ልጅ ነው። ፖሊሱ እየጮኸ ሲያባርር እግሩን ጣል ቢያደርግ ይበቃ ነበር፤ ሌባው ግን አሳንሰር ውስጥ ገብቶ አመለጠ።

መልስ 2፦ በኋላ አጎቱን ቤንን የገደለው ያው ሌባ መሆኑን ፒተር የሚያውቀው መጋዘን ውስጥ ፊቱን ሲያይ ነው። «ከታላቅ ኃይል ጋር ታላቅ ኃላፊነትም ሊመጣ ይገባል» የሚለው ዝነኛ አባባልም፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የአጎቱ ንግግር ሳይሆን፣ በመጨረሻው ሥዕል ላይ የሰፈረ የተራኪው ጽሑፍ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ እኔም የአጎቱ ይመስለኝ ነበር።