የመዳብ ፍለጋ የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁን እዚሁ እናርመው

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተነጋገርነው የማመልከቻችንን ረቂቅ ዛሬ ከፍቻለሁ። ቦታው ምዕራብ ነው፤ በምዕራብ ወለጋና በአሶሳ መካከል ካለው የድሮ አለት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። የምንፈልገው መዳብ ነው። ድጋፍ ሰጪዎቹ ከአሥር ገጽ በላይ አያነቡም፣ ስለዚህ ቃል አናባክን። መነሻዬ ይቺ ናት፦

«በተመረጠው ቦታ ላይ ዘመናዊ የጂኦፊዚክስ መሣሪያዎችን በመጠቀም የመዳብ ክምችት መኖሩን እናረጋግጣለን። በዋናነት በ60 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የአይፒ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ ምላሹን የማንበብ) ልኬት ይካሄዳል፤ በተጓዳኝም የአፈር ናሙና ይሰበሰባል።»

መውቀስ ይቻላል። ማሞገስ ግን ጊዜ ይፈጃል።

መዶሻ፦
«እናረጋግጣለን» የምትለዋን ቃል አሁኑኑ አውጪያት ልጄ። ክምችት መኖሩን የሚያረጋግጠው ቁፋሮ ብቻ ነው። እኛ የምንሠራው ሥራ መቆፈሪያውን ቦታ ማጥበብ ነው። 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ተቀብለን ሁለት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ካስረከብን ትልቅ ነገር ሠርተናል።

«በተጓዳኝ» የሚለውም አልተዋጠልኝም። ጂኦኬሚስትሪ፣ የአፈርና የደለል ምርመራው ማለት ነው፣ የምን ተጓዳኝ ነው? አይፒ ውድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ይፈልጋል። የጅረት ደለል ግን አንድ ወጣት በከረጢት ተሸክሞት ይመጣል። በየ2 ካሬ ኪሎ ሜትሩ አንድ ናሙና ብንወስድ ለጠቅላላው ቦታ 100 ናሙና ይበቃናል። ክረምቱ ዳገቱን ሁሉ አጥቦ ጅረቱ ውስጥ ከቶልናል። ቀድሞ የተሠራልንን ሥራ ትተን ለምን ከውዱ እንጀምራለን?

ኦም፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ዘንግተዋል። ያ አገር ላተራይት ነው። ቀዩ አፈር አንዳንድ ቦታ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ዝናቡ መዳቡን ከላይ አጥቦት ሊሆን ይችላል። አፈሩ ዝም ስላለ ከታች ምንም የለም ማለት አይደለም። ጂኦፊዚክስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ሽፋኑን አልፎ ያያል።

ሰብሳቢዋ፦
ኦም፣ አይፒ ምን እንደሚለካ ለማዕድን ሰው ሳይሆን ለእናቴ እንደምትነግራት አድርገህ ጻፍልኝ። እንዳለ ሰነዱ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ኦም፦
እሺ። መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ትልኪያለሽ፣ ከዚያ ታቋርጪዋለሽ። ተራ አለት ወዲያው ጸጥ ይላል። እንደ ቻልኮፓይራይትና ፓይራይት ያሉ ሰልፋይዶች (ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደባቸው ማዕድኖች) የተበተኑበት አለት ግን ቻርጁን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነቅለሽው እንኳን የመጨረሻዋን እንጀራ ያወጣልሽ የለ? እንደዚያ ነው። ኤሌክትሮዶቹን (ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ዘንጎች) በ50 ሜትር ክፍተት ተክለን ስድስት ደረጃ ካነበብን ወደ 100 ሜትር ጥልቀት ገደማ እናያለን።

ወንፊት፦
ምጣዱ ጥሩ ነው። ግን ግራፋይትም እንደዚያው ቻርጅ ይይዛል። በዚያ አካባቢ ደግሞ ግራፋይት ያለበት ሺስት (በንብርብር የሚሰነጠቅ አለት) ሞልቷል። 60 ኪሎ ሜትር ለክተህ የሚያምር ቀይ ካርታ ታመጣልናለህ፣ ስንቆፍረው የእርሳስ እንጨት ልብ ይወጣል።

ኦም፦
አውቃለሁ፣ አትሳቂብኝ። ግራፋይት ለአይፒም ለኤሌክትሮማግኔቲክ ልኬትም ያው ነው፣ ሁለቱንም ያታልላል። የሚለየው ክብደቱ ነው። የግራፋይት ጥግግት 2.2 አካባቢ ነው። ቻልኮፓይራይት 4.2፣ ፓይራይት 5 ይደርሳል። አይፒው በጮኸበት ቦታ ላይ ሁለት የግራቪቲ (የስበት ልኬት) መስመር ብናሳልፍ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ችግሩ ከፍታ ነው፤ 1 ሜትር ከተሳሳትን 0.2 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ ነው) ያህል እንስታለን፣ የምንፈልገው ነገር ራሱ ከዚያ ላይበልጥ ይችላል። ስለዚህ የእጅ ጂፒኤስ አይሆንም፣ ጥሩ ቀያሽ ያስፈልገናል።

ወንፊት፦
ስለ ላተራይቱ ልመለስ። ኦም ልክ ነው፣ የላዩ አፈር ሊዋሽ ይችላል። ግን አገሩን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል፦ ኩይሳ። ሜዳው ሁሉ ኩይሳ ነው። ገበሬው በምስጥ ተማሯል፣ ቤቱንም ማሳውንም ይበላበታል። ለእኛ ግን ምስጥ ነጻ ቆፋሪ ነው። እርጥበት ፍለጋ በጣም ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታች ያለውን አፈር ቅንጣት በቅንጣት አፉ ውስጥ ይዞ ይወጣል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችና በአውስትራሊያም ኩይሳ ለማዕድን ፍለጋ ናሙና ይወሰድበታል። ከእያንዳንዱ ኩይሳ ጎን ሁለት ኪሎ ብንወስድና አጠገቡ ካለው ተራ አፈር ጋር ብናወዳድር፣ ላተራይቱን በከፊል ተሻገርነው ማለት ነው።

መዶሻ፦
ይሄ ተዋጠልኝ። በ30 ዓመቴ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ጉድጓድ ባልቆፈርኩ።

ከቶሮንቶ፦
ሰላም፣ ዘግይቼ ገባሁ። በድሮን የማግኔት ልኬት ብናደርግስ? እዚህ አሁን ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚሠራው፣ ፈጣን ነው።

ኦም፦
ማግኔቱ ያስፈልገናል፣ አለቱን ከአለት ለመለየት። የድሮኑን ፈቃድ ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። በእግር ይሻለናል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ያለነው የምድር የማግኔት ወገብ አጠገብ ነው፤ የምድር ማግኔት መስክ አግድም የሚተኛበት መስመር ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከተፈለገበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው። ካናዳ ውስጥ ማግኔታማ አለት ከላዩ ከፍ ያለ ንባብ ይሰጥሃል። እዚህ ይገለበጣል፤ አለቱ ካለበት ላይ ንባቡ ዝቅ ይላል። የእናንተን ሶፍትዌር እንዳለ ብንጠቀም ቀይ ያየነው ጋ ሄደን ባዶ ሜዳ እንቆፍራለን። እኩለ ቀን አካባቢ ደግሞ ከላይ በሰማዩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ንባቡን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ቋሚ ጣቢያ እንተክላለን፣ ሥራው ደግሞ ከማለዳ እስከ 4 ሰዓት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና።

ከቶሮንቶ፦
የጠዋቱ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይደል? ሌሊት እንዳታስነሷቸው።

ሰብሳቢዋ፦
😂 ሰነዱ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል።

አሁን ቅደም ተከተሉን ለመያዝ ልሞክር። መጀመሪያ የጅረት ደለል በ200 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ፣ 100 ናሙና። ከዚያ ተስፋ ያለው 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ይመረጣል። እዚያ ላይ የአፈርና የኩይሳ ናሙና። በስንት ክፍተት?

ወንፊት፦
መስመር በ200 ሜትር፣ ናሙና በ50 ሜትር ብንል 2,000 ናሙና ይሆናል። አንችለውም። መስመር በ400፣ ናሙና በ100 ሜትር ይሁን፤ 500 ይሆናል። ውጤቱን ለመፈተሽ በየ20 ናሙናው አንድ ባዶ (መዳብ የሌለበት)፣ አንድ ድጋሚ፣ አንድ ውጤቱ የታወቀ ናሙና ይግባ። ይህ 75 ይጨምራል። ይህን 75 ማንም ከበጀት እንዲቀንስብኝ አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ ልተወውና፣ አንድ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ካርታው ላይ መዳቡና ዚንኩ አብረው ከፍ ብለው ወጡ። መዳብና ዚንክ አብረው ሲመጡ ደግሞ ከጥንት የባሕር ወለል እሳተ ገሞራ ጋር የተወለደ ክምችት ትዝ ይላችኋል። ሁላችንም ደስ አለን። ሦስት ሳምንት ለሁለተኛ ዙር ናሙና ጠፋ። አንድ ማታ ሥራ ፈትቼ ካርታውን በቦታ ሳይሆን በቡድን ቀለም ቀባሁት። ከፍ ያለው ሁሉ የአንድ ቡድን ናሙና ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ የት ቢሄድ መዳቡ ይከተለዋል! ወንፊታቸውን ሳይ ናስ ነበር። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። የእኛን ወንፊት ነበር ስንመረምር የከረምነው።

እዚህም ስሜን ወንፊት ያልኩት ለዚህ ነው። ናይለን ወይም የማይዝግ ብረት ብቻ። ናሙና የሚይዝ ሰው ቀለበትና አምባር ያውልቅ። ቀለም የተቀባ አካፋ አይነካ።

መዶሻ፦
ቡናውንም ጨምሪበት። የቡና ፍሬ በሽታን ለመከላከል አንዳንድ ማሳ ላይ መዳብ ያለበት መድኃኒት ይረጫል። ከቡና ጥላ ሥር አፈር ወስዶ «መዳብ አገኘሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ገበሬውን መጠየቅ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

በመንገዳችሁ ላይ ደግሞ ሣሩን እዩ። የዛምቢያ ሰዎች የመዳብ አበባ የሚሏት ተክል አለቻቸው፤ ሌላው ተክል የማይችለው መዳብ የበዛበት መሬት ላይ ትበቅላለች። የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ናት፣ ያው አንድ ወገን። እኛ አገር ትኖራለች እያልኩ አይደለም። ግን ዛፍ በበዛበት ዳገት መሐል ምክንያቱ ያልታወቀ ራሰ በራ ሜዳ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ከቶሮንቶ፦
ሰነዱ ላይ የቢሻ ማዕድን ማውጫን ብንጠቅስ ድጋፍ ሰጪውን አይስብም? ጎረቤት አገር ነው፣ ታሪኩም ይነገራል።

መዶሻ፦
መጥቀስ ይቻላል፣ ግን በልክ። ቢሻ ኤርትራ ውስጥ ነው። ከላይ የዛገ፣ ወርቅ ያዘለ ቆብ ነበረው። ከሥሩ የበለጸገ መዳብ፣ ከዚያ በታች ዚንክና መዳብ። ማዕድን ማውጫው በ2011 እ.ኤ.አ. በወርቁ ጀመረ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ መዳቡ ወረደ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ያ የዛገ ቆብ ነው፤ በእንግሊዝኛው «ጎሳን» (gossan) የምንለው። ልጆቹ መንገድ ላይ ቀይና ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲያነሡት የሚከብድ ድንጋይ ካገኙ ይምቱት። ውስጡ አረንጓዴ ማላካይት (የመዳብ ማዕድን) ብልጭ ካለ ይደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። «ሁለተኛው ቢሻ» የሚል ቃል ግን ሰነዱ ላይ እንዳላይ።

ሰብሳቢዋ፦
አልጽፍም። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። ኩይሳው በእርግጥ እንደሚሠራ፣ የአይፒ ክፍተቱ 50 ሜትር መሆን እንዳለበት፣ ስንት ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት) ሲሆን «ከፍ አለ» እንደምንል በምን እናውቃለን? ገምጋሚው የሚጠይቀን እሱን ነው።

ኦም፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ራሴ መልስ የለኝም።

ወንፊት፦
መልሱ፣ ሥራውን መዳብ መኖሩ ከሚታወቅበት ቦታ መጀመር ነው። በቆዩ ካርታዎች ላይ የመዳብ ምልክት የተመዘገበባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱን መርጠን ሁለት መስመር እናሳልፍበት። አፈሩንም፣ ኩይሳውንም፣ ማግኔቱንም፣ አይፒውንም እዚያው ላይ እንሞክራቸው። ከታወቀው መዳብ ላይ ኩይሳው ዝም ካለ ከዕቅዱ ይወጣል። አይፒው ካላየው ክፍተቱ ይቀየራል። መሣሪያው የሚያውቀውን ነገር ማየት ካልቻለ የማያውቀውን ያያል ብዬ አልከራከርም።

ደግሞ አንድ ቁጥር ለሁሉም አለት አይሠራም። ከባዛልት ዓይነት አለት የወጣ አፈር ምንም ክምችት ሳይኖር 100 ፒፒኤም ሊያሳይ ይችላል። ግራናይት ላይ ግን 100 ትልቅ ዜና ነው። ስለዚህ «ከፍ ያለ» የሚባለው በየአለቱ ለየብቻ ይወሰን።

መዶሻ፦
የዚህች ልጅ ሐሳብ የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን። በሁለተኛ ገጽ አልስማማም።

ኦም፦
እኔም ተስማምቻለሁ። ከ60 ኪሎ ሜትሬ 12 ኪሎ ሜትር ይበቃኛል። ግን በአንድ ሁኔታ፤ ጊዜውን እኔ ልምረጥ። አይፒ እርጥብ መሬት ይወዳል። በመጋቢት ደረቅ ላተራይት ላይ ኤሌክትሮድ ስትተክል በየጉድጓዱ የጨው ውኃ እያፈሰስክ ነው የምትውለው። ኅዳር ላይ እንሥራ።

ወንፊት፦
ኅዳር ላይ ሣሩ ከሰው ራስ በላይ ነው ኦም! ልጆቹ መስመር አያዩም፣ እባብም አለ። ሣሩ ተቃጥሎ ሜዳው የሚከፈተው ከታኅሣሥ በኋላ ነው።

ሰብሳቢዋ፦
ታዲያ እንከፋፈል። የሙከራ መስመሮቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ መንገዳቸውን እናስጠርጋለን፣ ኅዳር ላይ። ደለል፣ አፈርና ኩይሳ ጥርና የካቲት። ዋናው አይፒ በሚቀጥለው ዓመት ከክረምት በኋላ፤ እስከዚያ የላብራቶሪ ውጤትም ይደርሳል። ጨው የሚገዛ አይኖርም።

ኦም፦
ጨው ለማንኛውም ይገዛ። ለወጡም ይሆናል።

ሰብሳቢዋ፦
እሺ። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የሚያስፈልገውን ፈቃድ እኔ እከታተላለሁ፤ ያለ ፈቃድ አንድ ከረጢት አፈር አይነሣም። አዲሱ አንቀጽ ይሄን ይመስላል፦

«የምናቀርበው ሥራ የመዳብ ክምችት መኖሩን አያረጋግጥም፤ ለቁፋሮ የሚበቃ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይለያል። መሣሪያዎቻችንና የናሙና ዘዴዎቻችን በመጀመሪያ መዳብ እንዳለ በተመዘገበበት ቦታ ላይ ይሞከራሉ። በሙከራው ያልሠራ ዘዴ ከዕቅዱ ይወጣል። የአይፒ ልኬት የሚካሄደው በአፈር ወይም በኩይሳ ናሙና መዳብና ዚንክ ከየአለቱ ልክ በላይ በታዩበትና የማግኔት ካርታው ተስማሚ አለት ባሳየበት ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ካልተገኘ የአይፒ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል።»

መዶሻ፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማን አስገባት?

ሰብሳቢዋ፦
እኔ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

መዶሻ፦
ኧረ! በ40 ዓመት ውስጥ «ካልሆነ ገንዘቡን እንመልሳለን» የሚል የፍለጋ ዕቅድ አላየሁም። ተዪያት፣ ትቆይ።

ኦም፦
እኔ ነኝ የምቆጣው፣ የእኔ በጀት ነው። ግን ትቆይ።

ከቶሮንቶ፦
እኔ የማግኔቱን ዳታ ለማግኔት ወገብ በሚሆን መንገድ አስተካክዬ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ። በነጻ። የድሮኑን ነገር ትቻለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
አመሰግናለሁ። ወንፊት የናሙናውን ክፍል እስከ ሐሙስ ትልክልኛለሽ፤ ኦም የሙከራ መስመሮቹን ንድፍ፤ ጋሼ ደግሞ የቆዩ ካርታዎች ላይ የተመዘገቡትን የመዳብ ምልክቶች ዝርዝር። የናይለን ወንፊት የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ እዚሁ ይጻፍ፣ መርካቶ ዞሬ ያገኘሁት ሁሉ የዱቄት ነው።

ወንፊት፦
የዱቄቱ ናይለን ከሆነ ግዢው! ቀዳዳው ስንት እንደሆነ ብቻ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የናስ ክፈፍ ካለው ግን እንዳትነኪው።