የልጆች ምጥን ዱቄታችን፦ ለጋራ ዕቅዱ ሐሳብ እናዋጣ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። የዕቅዱን ረቂቅ ከመጻፌ በፊት ሐሳባችሁን ልስማ። እስከ ዛሬ ስንከራከር የቆየነው ባሕር ዳር ላይ ለልጆች ገንፎ የምናመርተው ምጥን ዱቄት ላይ ምን እንጨምር በሚለው ነው። ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ተልባ እያልን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የጨመርነው ነገር የልጁ ሰውነት ውስጥ ይደርሳል ወይ? ዳጉሳ በ100 ግራም ወደ 340 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ግን እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ብረቱን፣ ዚንኩንና ካልሲየሙን ጨምድዶ ይይዛል። ልጁ በልቶ ጠግቧል፤ ማዕድኑ ግን እንደገባ ይወጣል።

ስለዚህ የዕቅዱ መጀመሪያ ማብቀል ይሁን እላለሁ። እህል ሲጎነቁል ፋይቴቱን የሚበትን ኢንዛይም ከውስጡ ይነሳል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲቦካም የሚሆነው ይኸው ነው። ብቅል ለጠላ እናውቅበታለን። አሁን ለልጆቹ ገንፎ እናውለው።

የወፍጮ ቤቷ አባል፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ክረምቱን አስቡት። ጣና ዳር ሐምሌና ነሐሴ ምን ይደርቃል? ባለፈው ዓመት ያሰጣነው ብቅል በሦስተኛው ቀን ነጭ ፀጉር አበቀለ። ጆንያውን ስገልጠው የወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። 20 ኪሎ ደፋን። ማድረቂያ በበጀቱ ካልገባ እኔ አልፈርምም። በላስቲክ የተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ ይበቃናል። ማብቀሉም በበጋ ብቻ ይሁን።

ጸሐፊ፦
ልክ ብለዋል እትዬ። ገብቷል። የሻገተ እህል አድርቆ መፍጨት ክልክል ነው የሚል አንቀጽም ለብቻው እጽፋለሁ። የሻጋታው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፦
ቤት ለቤት ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። ገንፎው ሲወፍር እናት ውኃ ትጨምራለች። ልጁ በቀላሉ ይውጠዋል፤ ሆዱ ግን የሚሞላው በውኃ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቤት ማንኪያ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ገንፎ አገነፋን። ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሬ አማሰልኩት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። ጠብታ ውኃ አልገባበትም። አያትየዋ «ምን አደረግሽበት?» ብለው ማንኪያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ብቅሉ ገንፎውን የሚያወፍረውን ስታርች ቆራርጦት ነው።

ሁለት ነገር ግን ማሸጊያው ላይ በትልቁ ይጻፍ። ብቅሉ የሚፈላ ገንፎ ላይ ከገባ ኃይሉ ይሞታል። ጥሬ ብቅል ደግሞ ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ገንፎው ከቀጠነ በኋላ እንደገና ይንተክተክ። ይቺን ሁለተኛዋን ማንም እንዳይረሳት። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላውም አይጠቅመውም።

ከዘጌ የመጣው አባል፦
የእኔ አጭር ነው። ሎሚ አለን። ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ሙቀት ግን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ገንፎው ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ጥቂት ጠብ ይደረግበት። ደግሞ እኔ ቡና አምራች ነኝ፤ ቡናና ሻይ ግን ከልጆች ምግብ ጋር አይቅረብ እላለሁ። ብረቱን ያስቀሩታል። ለልጅ ዳቦ በሻይ የሚሰጥ ቤት ብዙ ነው።

ፖሊ ቴክኒክ የሚያስተምረው አባል፦
ስለ ተልባው ልናገር። ሳይፈጭ ከተበላ ፍሬው እንዳለ ያልፋል፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ዘይቱም አብሮት ይወጣል። ከተፈጨ ደግሞ ዘይቱን አየርና ብርሃን ያገኘዋል፤ ቶሎ ይበላሻል። ትልልቅ ፋብሪካዎች እንዲህ ዓይነቱን ዘይት በጥቃቅን ጠብታ ከፍለው በግራር ሙጫ ወይም በስታርች ይሸፍኑትና ያደርቁታል። ሽፋኑ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ይሟሟል። ለብረትም ተመሳሳይ ዘዴ አለ፤ ጣዕምና ቀለም እንዳይለውጥ ይሸፈናል። ዕቅዱ ውስጥ እናስገባው ወይ?

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ለማብቀል ገብስና ዳጉሳ እንጂ ማሽላ አንጠቀም። የማሽላ ቡቃያ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው።

ጸሐፊ፦
የማሽላውን ጉዳይ ስላነሱልን እናመሰግናለን ጋሼ። ሽፋኑን ግን ለዚህ ዙር አላስገባውም። ማሽኑ ከአቅማችን በላይ ነው፤ ለአንድ ማሽን ብለን የማድረቂያውን ገንዘብ ማጣት የለብንም። ተልባውን ከምጥኑ እናውጣው። ሳይፈጭ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ይሸጥ፤ እናት ለዕለቱ የሚበቃትን ቆልታ ትውቀጥ።

የመግቢያውን አንቀጽ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስቀረትን ግብ አድርጓል። ማኅበራችን በባሕር ዳር በሚያመርተው ምጥን ዱቄት የበኩሉን ለማድረግ የበቀለና በአግባቡ የደረቀ እህል ይጠቀማል፤ የብቅል ዱቄቱንም ከአጠቃቀም መመሪያ ጋር ለየብቻ አሽጎ ያቀርባል።»

የማድረቂያውን ዋጋ እትዬ ከአናጺው ጠይቀው ያምጡ። ጋሼ፣ ከመብቀሉ በፊትና በኋላ የፋይቴቱን መጠን የሚለካልን ላብራቶሪ ይፈልጉልን። የማሸጊያው ጽሑፍ የእህታችን የጤና ባለሙያዋ ነው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ሥዕል ይኑረው። እስከ ጥቅምት 15 ካደረሳችሁኝ ቀጥዬ አስፈርማለሁ።

የወፍጮ ቤቷ አባል፦
ነገ ጠዋት አናጺው ጋ እሄዳለሁ። ስፋቱ ስንት በስንት ይሁን?