የ1974 ላንድሮቨር ቦዲ በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ፓራፋንጎው አልሙኒየም፣ ወለሉ ብረት

ጥያቄ፦ የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ትቶልን ያለፈው ላንድሮቨር ሆጤ በሚገኘው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ዘጠኝ ክረምት ቆሟል። መኪናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የተሠራ ሲሪስ 3፣ አጭሩ ባለ 88 ኢንች ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ደጋግሞ ይወርድበት ነበር። ሞተሩን አምና አስነሥቼዋለሁ፤ አሁን የቀረኝ ቦዲው ሲሆን፣ ሥራውን ቅዳሜና እሑድ በገዛ እጄ ልጨርሰው ወስኛለሁ።

ለዚህ ውሳኔ ያበቃኝ አንድ ጉዳት ነው። የግራውን ፓራፋንጎ (የጎማውን የላይ ሽፋን) ስርጉድ እንዲያወጣልኝ ለአንድ ባለሙያ ሰጥቼው፣ እንደ ማንኛውም ላሜራ በኦክስጅን ጋዝ ሲያሞቀው፣ ብረት እንደሚያደርገው ሳይቀላ ድንገት ቀልጦ የስኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተበት። ቀዳዳው በስቱኮ (ሲደርቅ በሚጠነክር መሙያ ሊጥ) ተደፍኖ ተመለሰልኝ፤ ስቱኮውም አንድ ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እስክመለስ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ያን ዕለት የተሰማኝን ኀዘን ለመግለጽ ይከብደኛል።

አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። የቀኙ ፓራፋንጎም ስርጉድ አለበትና ሳላበላሸው እንዴት ላውጣው? በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እየተነፋ፣ ሲፋቅ ነጭ ዱቄት የሚወጣው ለምንድን ነው? በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ብረት ዝጎ መሬት ይታይበታል፤ ይህንንስ መበየድ እችላለሁ ወይስ ሙሉውን መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ የቦርከና ባትላሜራ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አብሽር። የአባትህ መኪና የሚድን ነው። በባትላሜራ ሥራ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ማግኔት ያዝና መኪናውን ዙረው። ማግኔቱ ሻንሲው (ቦዲው የሚያርፍበት የብረት አጽም) ላይ፣ ሞተሩን ከሳሎኑ በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ በራዲያተሩ ዙሪያና በበሮቹ የውስጥ አጥንት ላይ ይጣበቃል፤ በፓራፋንጎው፣ በኮፈኑ፣ በጣሪያውና በበሮቹ የውጭ ቆዳ ላይ ግን አይጣበቅም። የማይጣበቅበት ሁሉ ማግኒዚየም በትንሹ የተደባለቀበት አልሙኒየም ነው። ብረት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ሲፈልግ፣ አልሙኒየም 660 እንኳ ሳይሞላ መልኩን ሳይለውጥ ይቀልጣል። ዓይን ሊያስጠነቅቅህ ስለማይችል ሌላ ምስክር ያስፈልግሃል፤ ያም ምስክር ተራው የልብስ ሳሙና ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓራፋንጎውን ፈትተህ አውርደው፤ የብሎኖቹ ዝገት ያስቸግርሃልና ዋዜማውን ዘይት አጠጣቸው። ቀለሙን በሁለቱም ፊት ልጠህ አንሣ። ደረቅ ሳሙና ስርጉዱና ዙሪያው ላይ ፈትገህ ስስ ሽፋን እንዲይዝ አድርግ፤ ከዚያ ከጀርባው በኩል ለስላሳ ነበልባል በአንድ ቦታ ሳታቆም እያዞርክ አሙቀው። ሳሙናው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ የተቆላ ቡና፣ በመጨረሻ ጥቁር ይመስላል። ልክ እንደጠቆረ ነበልባሉን አንሣ፤ አንዲት ቅጽበት እንኳ አትጨምርበት። ሲቀዘቅዝ ስትነካው ከቅድሙ ለስልሶ ታገኘዋለህ።

ከዚያ በኋላ ስርጉዱን አሸዋ በሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኝተህ በእንጨት መዶሻ ሥራው። የብረት መዶሻና ከሥሩ ጠንካራ ብረት ካደረግህ አልሙኒየሙ እንደ ሊጥ ይሳሳል፣ ይሰፋልም፤ የሰፋ ቆዳ ደግሞ ተመልሶ አይገጥምም። ከጥልቁ መሐል አትጀምር፤ ከጠርዙ ጀምረህ ዙሪያውን እያጠበብክ ወደ መሐል ግባ። ጉዳቱ የደረሰበትን ተራ ወደ ኋላ እየቆጠርክ የመጨረሻውን መጀመሪያ የምታስተካክል አድርገህ አስበው። መዶሻ በበዛበት ቁጥር አልሙኒየሙ ይደነድናልና፣ እምቢ ሲልህ ከመምታት ይልቅ እንደገና በሳሙና አሙቀው። እኔ አንድ ፓራፋንጎ ላይ አራትና አምስት ጊዜ የምመላለስበት ጊዜ ነበር።

የተቀደደውን የግራውን በተመለከተ፣ ስቱኮውን ሙሉ በሙሉ አውጣ። ቀዳዳውን ጠርዙ እስኪጠራ ቆርጠህ፣ ማዕዘኑን አክብበህ፣ ከተመሳሳይ አልሙኒየም የተቆረጠ ቁራጭ በአርጎን ብየዳ አስገጥመው። ይህ ለጀማሪ እጅ አይሆንም፤ ፈትተህ ወስደህ አሠራው፣ ሌላውን ራስህ ጨርስ። ስቱኮ ቀጭን ልዩነት ለመሙላት ነው፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ መንገዱ ራሱ ያረግፈዋል፣ ሐረጎም የነገረህ ይህንኑ ነው።

የሾፌሩ እግር ሥር ብረት ነውና ይበየዳል። በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋህ የሚደግፍህ ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ድረስ ሂድ፤ የዛገውን ሁሉ ቁረጥ። በ1.2 ሚሊሜትር ላሜራ ገጥመህ በነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወርክ በይደው። በሮቹን ግን አታውርድ፤ ክፍተታቸውን እያየህ ስትሠራ ሞተሩን የሚለየው ግድግዳ መጣመሙን ቶሎ ታውቃለህ። ከሁሉም በፊት በአጭሩ ላንድሮቨር የነዳጅ ታንኩ ከፊት መቀመጫ ሥር ስለሆነ አውርደህ ከግቢው አርቀው፤ የባትሪውን ገመድም ፍታ። በዚህ ነገር ቸል አትበል።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህርት (ደሴ)

ስለ ነጭ ዱቄቱ ልጨምርልዎት። የበርዎ አጥንት ብረት፣ ቆዳው አልሙኒየም ነው። ሁለቱ ተነካክተው በመካከላቸው ውኃ ሲያድር ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው ደካማው ወገን፣ ማለትም አልሙኒየሙ ነው። የሚያዩት ዱቄት የአልሙኒየሙ ዝገት ነው። ውኃው ጨው ከያዘ ነገሩ ይፋጠናል፤ አባትዎ ወደ ሚሌ ይወርዱ ከነበረ፣ በበሩ ኪስ ውስጥ የተከማቸው አቧራ ጨው ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም መፋቅ በፊት የበሩን ውስጥ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥበው፣ ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቷቸው። ዘጠኝ ክረምት የቆመ መኪና በውስጡ የሸክላ ያህል የደረቀ ጭቃ አይጠፋበትም።

ላንድሮቨር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ የሚታደል ስለነበር ነው አካሉ በአልሙኒየም የተሠራው። ስለዚህ ብረትንና አልሙኒየምን የማጣመሩ ችግር ከመነሻው አብሮት ያለ ነውና፣ እርስዎ አሁን ሲገጥሙት ከፋብሪካው የተሻለ ማድረግ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ፊት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀብተው፣ በመካከላቸው ቀጭን ጎማ ወይም የማይደርቅ ማሸጊያ ያስገቡ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ለብረቱ የተጠቀሙበትን የሽቦ ብሩሽ ለአልሙኒየሙ አይጠቀሙ፤ የሚተወው የብረት ቅንጣት እንደገና ያንኑ ባትሪ ይፈጥራል። እንዲሁም አልሙኒየም ከተፋቀ በኋላ በአየር ወዲያው ስስ ሽፋን ስለሚይዝ ተራ አንቲራስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አይጣበቅበትም፤ አሲድ ያለበትን፣ ለአልሙኒየም የተዘጋጀውን ፕራይመር ይጠይቁ። ስቱኮ ግን በዚህ በአሲዱ ፕራይመር ላይ አይቀባም፣ አሲዱ ስቱኮው በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋልና፤ ስቱኮውን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በተሻከረ ባዶ አልሙኒየም ላይ ቀብተው፣ ከለሰለሰ በኋላ ፕራይመሩን ያስከትሉ። አሮጌው ቀለም መርዛማው የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በውኃ እያረጠቡ ይፋቁት፤ ልጆች በግቢው ካሉ ፍቁን ጠርገው ያስወግዱ።

መልስ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤት (ኮምቦልቻ)

እኔ የምጨምረው ስለ ቀለሙ ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ክረምቱ ባይሆንም እንኳ ጭጋጉ ያስቸግራል። እርጥበት ባለበት ቀን ናይትሮ የሚባለውን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ሲረጩ ፊቱ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ እኔ አንድ ኮፈን እንዲህ ሆኖብኝ እስከ ብረቱ ድረስ ፈግፍጌ እንደገና ጀምሬያለሁ። ጥቅምት ካለፈ በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢረጩ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአመሻሽ ቅዝቃዜ ቀለሙ ሳይደርቅ ይደርስበታል። ያም ካልሆነ ፓራፋንጎውና በሮቹ ስለሚፈቱ ወደ ኮምቦልቻ ማውረድ ይቻላል። እዚህ ያለው ሙቀት ይረዳል፤ ችግሩ አቧራው ነውና መሬቱን ውኃ ይርጩበት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ በተጣለ ቁራጭ አልሙኒየም ላይ ሳሙናውን ሞከርኩት፤ ሲጠቁር ነበልባሉን አንሥቼ፣ ሲቀዘቅዝ ስነካው፣ ቅድም በሁለት እጄ የማልበግረው ቁራጭ በአንድ እጄ ታጠፈልኝ። እናቴ የአባቴን መዶሻ ከሣጥን አውጥታ ሰጥታኛለች፤ ግን ብረት ስለሆነ ለወለሉ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ያለው ስርጉድ የታጠፈው ከንፈር ላይ ስለሆነ ከረጢቱ አይገባበትም።

የቦርከና ባትላሜራ

እዚያ ከወይራ እንጨት የከንፈሩን ቅርጽ ቅረጽና ከውስጥ አስደግፈው፤ በውጭ በኩል በጎማ መዶሻ ቀስ እያልክ ወደ እንጨቱ አስጠጋው። ከንፈሩን አትክፈተው፤ አንዴ ከተከፈተ ሲመለስ ይሰነጠቃል። ካልሄደልህ ፓራፋንጎውን ወደ እኔ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን።