ከሳሽ በክርክር መሃል ሲሞቱ መዝገቡ እንዴት ይቀጥላል?

ጠያቂ፣ እነዋሪ
ጤና ይስጥልኝ። አባታችን «ጎረቤቴ ወሰን ገፍቶ አንድ ጥማድ መሬት ያዘብኝ» ብለው ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰው፣ ምስክር ሊሰማ ሲል አረፉ። ወራሾቹ ሦስት ልጆች ነን፤ አንዷ አዲስ አበባ ናት። እናታችን አሉ፣ ስማቸውም በይዞታ ደብተሩ ላይ አለ። ቀጠሮው ሃያ ቀን ቀርቶታል። አዲስ ክስ እንክፈት? ጠበቃውስ በነበረው ውክልና መቅረብ ይችላል?

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን
ነፍስ ይማር። አዲስ ክስ እንዳትከፍቱ! የዳኝነት ክፍያ ዳግም ትከፍላላችሁ፤ ተከሳሹም «በዚሁ ጉዳይ ሌላ መዝገብ አለ» ብሎ ይቃወማል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 48 ጀምሮ የሟችን ክርክር ወራሾቹ እንዲቀጥሉ ይፈቅዳል።

መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ አውጡ። እሱን ይዛችሁ አባታችሁ ይኖሩበት በነበረው ወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ጠይቁ (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996)። የሦስታችሁም ስም እስከ አያት ድረስ ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ ይሁን፤ አንድ ፊደል ስትለያይ እንኳ ተከሳሹ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ይላል። ከዚያ በነባሩ መዝገብ ቁጥር እንዲህ ብላችሁ አመልክቱ፦ «ከሳሽ ስለሞቱ፣ እኛ ወራሾቻቸው በእሳቸው ተተክተን ክርክሩን እንድንቀጥል ይፈቀድልን»። ቃለ መሐላ አያይዙ፤ ለተከሳሹም ቅጂ አዘጋጁ።

ማስረጃው በሃያ ቀን ባይደርስ የሞት ወረቀቱን ይዛችሁ ቅረቡና ቀጠሮ ይራዘምልን በሉ። መቅረት ግን አይሆንም። ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሽ ከሌለ መዝገቡ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 73 ይዘጋል፤ ለማስከፈት በአንድ ወር ውስጥ በቁጥር 74 በቂ ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

ውክልናው ከሟች ጋር አብቅቷል (ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2232)። ለጠበቃው አዲስ ስጡ፤ እህታችሁ እዚያው አዲስ አበባ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ ትሰጣለች።

የሕግ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት
የእናታችሁ ነገር እንዳይታለፍ። ብዙ ሰው ሚስትን ከልጆች ጋር ወራሽ ብሎ ይጽፋል፤ በእኛ ሕግ ግን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። እሳቸው በደብተሩ ላይ በራሳቸው ስም ባለይዞታ ናቸው። ስለዚህ በመተካት ሳይሆን በፈቃዳቸው ተጨማሪ ከሳሽ ሆነው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 40 ይግቡ፣ ወይም ራሳቸው በቁጥር 41 ጣልቃ ይግቡ።

ሌላው፣ ክርክሩን መቀጠልና መሬቱን መውረስ ሁለት ነገር ነው። ይዞታው ለማን እንደሚተላለፍ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 የሚወስነው ነው፤ ዛሬ መተካታችሁ ድርሻ አያከፋፍላችሁም። የደብተሩን ቅጂ ከአቤቱታው ጋር አያይዙ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልን። ተከሳሹ ቢሞትስ?

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን
ያኔ ሸክሙ የእናንተ ነው። ወራሾቹን ከነአድራሻቸው አጣርታችሁ በእሱ ይተኩ ብላችሁ ታመለክታላችሁ። በሟች ስም የተሰጠ ፍርድ አፈጻጸም ላይ ሲደርስ ይቆማል።