«ሀበነ ንኅበር» ስንል ምን ስጠን እያልን ነው?

የአባዶዋ፦
እንኳን አብሮ አደረሰን! የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የብሎካችን ሰዎች ለፋሲካ በሬ ገዝተን ቅርጫ ገባን። እሑድ ማለዳ ኮሙናሉ ጋ ሥጋው ሲመደብ አንድ ወሬ ተነሣ። ሌሊቱን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ነው ያደረው። አብሮን ቅርጫ የገባው ጴንጤ ጎረቤቴ «ያ ሕዝቡ የሚቀበለው ‹ሀበነ ንኅበር› ምን ማለት ነው?» አለ። ሻኛውን የሚያከፋፍለው ሰውዬ ቢላውን ሳያስቀምጥ «አንድ አድርገን ማለት ነው» አለው። አንዲት እናት ደግሞ «የለም፣ ማኅበር ስጠን ነው» አሉ። እዚያው መደቡ ላይ ክርክር! ዕጣው ወጣ፣ ሁሉም ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ገባ፣ ጥያቄው ግን ሳይፈታ ቀረ።

ሌላም አለኝ። በትንሣኤው አዋጅ ላይ ካህኑና ሕዝቡ ሲቀባበሉ «አሰሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» ይባላል። ሰይጣን ታሰረ፣ እሰየው። አዳምን ምን አጠፋና አጋዘው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
አብሮ ያድርሰን እህቴ። ከመጀመሪያው ልነሣ። «ሀበነ» ማለት «ስጠን» ነው። ግሡ ወሀበ፣ ሰጠ። «ሀብት» የምንለው ከዚሁ ነው፣ ነገሩ ስጦታ ነው። «ንኅበር» ደግሞ ከኀበረ ይመጣል፤ «እንድናብር፣ እንድንተባበር»። በነገራችን ላይ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ቆመው ፊደላቸው ይለያያል። የፊተኛው ሃሌታው ሀ ነው፣ የኋለኛው ብዙኃኑ ኀ። ፌስቡክ ላይ «ሀበነ ንህበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሌ ያናድደኛል።

ሙሉው እንዲህ ነው፦ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ፣ ወፈውሰነ በዝንቱ ጵርስፎራ፣ ከመ ብከ ንሕየው።» የአንተ በሆነው በመንፈስ ቅዱስ እንድንተባበር ስጠን፣ በዚህም ጵርስፎራ ፈውሰን፣ በአንተ ሕያዋን እንድንሆን። ጵርስፎራ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ የሚቀርበው መሥዋዕት። ትንሽ ቀደም ብሎ ዲያቆኑ «ኅብረተ መንፈስ ቅዱስ ሠናየ ከመ ይጸግወነ» ይላል፤ መልካሙን የመንፈስ ቅዱስ ኅብረት እንዲሰጠን እንለምን ሲል። ካህኑም «ደሚረከ» ብሎ ይቀጥላል፤ እሱ ከደመረ ነው፣ ደመራና ድምር ዘመዶቹ ናቸው። (መደመርን ማንም እንዳያነሣብኝ፣ ፖለቲካው ለሌላ ቀን ይቆይ።)

ማኅበር ያሉት እናት ከሥሩ አልራቁም። ማኅበር፣ ኅብረት፣ ተባበረ፣ አበረ፣ ሁሉም የኀበረ ልጆች ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው «ቢያብር»ም ከዚሁ ነው። አንቺ ራስሽ ገና ስትገቢ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለሻል። ያ «አብሮ» የቅዳሴው «ንኅበር» ነው። ደረጃ ላይ ከጎረቤት ጋር ስትተላለፊ ጭምር እየቀደስሽ ነው በይው።

ጎረቤትየው፦
ሊንኩን ልካልኝ ገባሁ፣ ያ ጴንጤ እኔ ነኝ። እኛ ጋ «ኅብረት» በየሳምንቱ ነው። የአንዳችን ሳሎን ውስጥ ወንበር ይደረደራል፣ መዝሙር አለ፣ ጥናት አለ፣ ጸሎት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሻይ። «ዛሬ ማታ ኅብረት አለኝ» ካልኩ የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ይገባቸዋል። ቃሉ ከቅዳሴው ቃል ጋር አንድ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ግን የሻኛው ሰውዬ «አንድ አድርገን» ያለውስ ተሳስቷል? ዮሐንስ 17 ላይ ጌታ ከመያዙ በፊት የጸለየው «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» ብሎ ነው። እዚያ የምናነበው «አንድ» የሚለውን ነው። በሰሞነ ሕማማት እኛም ስለ አንድነት ስንጸልይ ይህንኑ ነው የምንጠቅሰው።

የኔታ፦
ልጄ፣ ሰውየው አልተሳሳተም። አሳጠረው እንጂ።

«አንድ» የሚለው ቃል ቅዳሴው ውስጥ ሌላ ቦታ አለው። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ፣ እምነታችንን በምንመሰክርበት ጸሎት፣ «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን» እንላለን። አሐቲ የአሐዱ አንስታይ ነው፣ አንዲት። ይህ አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ381 የቁስጥንጥንያው ጉባኤ ያጸናው ነው። ግሡን ግን ልብ በሉልኝ፤ «ነአምን» ነው የሚለው። አንዲት አድርጋት ብለን አንለምንም። አንዲት ናት ብለን እንመሰክራለን።

«ሀበነ ንኅበር» ላይ ስንደርስ ነገሩ ልመና ይሆናል። የሚለመነው እሱ ነው፣ የሚያብረው ግን ማን ነው? «ን» ን ተመልከቱ። እኛ ነን። እሱ ይሰጣል፣ እኛ እናብራለን። «አንድ አድርገን» ብለህ ስትተረጉመው ሥራው በሙሉ ወደ እሱ ይሄድና አንተ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ለእኔ ጉዳዩ ያለው እዚህች አንዲት ፊደል ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የቤተ ክርስቲያናችን የአገር ቤቱና የውጩ ሲኖዶስ (የጳጳሳቱ ጉባኤ) ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው ኖረው በሐምሌ 2010 ታረቁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚህም እዚያም «በአሐቲ» ሲባል ነበር። ማንም ቃሉን አልለወጠም። አንዲትነቷን ሁለቱም ወገን ያምናል፤ ማበሩ ግን አልሆነላቸውም ነበር። ሁለቱን ቃላት ካላደባለቅን ያ ዘመን ራሱ ይገባናል። አንተ የጠቀስከው የዮሐንስ ጸሎት ደግሞ የጌታ ነው፣ እሱ «አንድ ይሁኑ» ሊል ይችላል። እኛ የምንለምነው አቅማችንን ነው።

ሥዕል ወዳዱ፦
የኔታ፣ ኅብር ቀለም አይደለም እንዴ? «ኅብረ ቀለም» እንላለን። ታዲያ «ንኅበር» ቀለሞች እንደያዙት መልክ ጎን ለጎን እንሁን ማለት አይሆንም?

የኔታ፦
ኅብር በግዕዝ ቀለም፣ መልክ ነው፣ እውነትህን ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ኅብር ይባላል። የአንተ ሐሳብ ለስብከት ያምራል። ቅዳሴው ላይ ግን የቀለም ወሬ የለም፣ አታስገባበት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወደ አዳም እንመለስ፣ ግዞት ላይ ትተነው ሄድን። በግዕዝ «አግዐዘ» ማለት ነጻ አወጣ ነው። ግዕዛን ነጻነት ነው። አማርኛው «አጋዘ» እና «ግዞት» ሲል ሰውን ከቀዬው ነቅሎ መላክ ነው። ጆሮ የሚያውቀውን ይሰማልና በየዓመቱ አንድ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። ከሥሩ ያለው ነገር ከቦታ መነሣት ነው፤ ጓዝና ተጓዘም እዚያው ሠፈር ናቸው። አዳም ከእስር ቤት ተነሥቶ ወጣ፣ ግዞተኛው ከቤቱ ተነሥቶ ገባ። ስለዚህ «ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው» በዪ።

እዚያው ላይ የሚቀጥለው ይበልጥ ደስ ይለኛል። ካህኑ «ሰላም» ይላል። ሕዝቡ «እምይእዜሰ»። ካህኑ «ኮነ»። ሕዝቡ «ፍሥሐ ወሰላም»። ገጣጥማችሁ አንብቡት፦ ሰላም፤ ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ወገን ተከፍሎ ተሰጥቷል። ካህኑ ግሡን ይዟል፣ የሆነውን ነገር የያዘው ሕዝቡ ነው። «ኮነ» ብሎ ቢቆም «ሆነ» ብሎ የቀረ ሰው ነው፣ ምን ሆነ? ሕዝቡም «ፍሥሐ ወሰላም» ብቻውን ቢል ግሥ የለውም። የኔታ ያሉትን ማበር እዚህ ጋ ሰዋስው ራሱ ይሠራዋል።

የአባዶዋ፦
እኔ እኮ እስከዛሬ «እምይእዜሰ» የሆነ መልአክ ስም ይመስለኝ ነበር የሚል ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም። 😄

ፍስክ በዪ፦
ቁም ነገሩን ላቋርጥ። «ጾም ነው ፍስክ?» ብሎ አስተናጋጅ ሲጠይቅ «ፍስክ» ከፋሲካ የወጣ መሆኑን ስንቶቻችሁ አስባችኋል? እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። አያት አደባባይ ያሉ ሥጋ ቤቶች ዓርብ ዕለት ሲጤሱ ሳይ «በፋሲካ የተቀጠረች ገረድ ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል» የተባለው ትዝ ይለኛል። ያቺ ገረድ እኔ ነኝ።

የንብረት ክፍሉ፦
እኔም አንድ ልጠይቅ። «ርክበ ካህናት» ደርሷል ይላሉ። እኛ ቢሮ «ርክክብ» የሚባለው ዕቃ ቆጥሮ መፈራረም ነው። ካህናቱ ምን ይረካከባሉ?

የኔታ፦
ረከበ በግዕዝ አገኘ ነው። ርክብ መገናኘት። ከትንሣኤ ጀምሮ ስትቆጥር በ25ኛው ቀን ረቡዕ ይውላል፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው የበዓለ ሃምሳ እኩሌታ ላይ። ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ አንዱ በጥቅምት፣ አንዱ በዚህ ሰሞን። የሚረካከቡት ዕቃ የለም፣ መገናኘታቸው ነው ስሙ። የእናንተም ቃል ከዚያ ነው የመጣው፤ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ካልተገናኙ ርክክብ የለም።

የንብረት ክፍሉ፦
አይ የኔታ፣ እኛ ጋ ሰውዬውስ ይገናኛል። የማይገናኘው ቆጠራውና የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ነው።