ከጓሮ ዶሮዎች የሚገኝ እንቁላል ለመብላት አስተማማኝ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ከጀማሪ አርቢ

በጓሮዬ የማረባቸው ጥቂት ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ በተዘጋጀላቸው ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ፤ ሰሞኑን ግን ከአጥሩ ሥር፣ በቁጥቋጦ የተሸፈነ ሌላ መጣያ እንዳላቸው ደረስኩበት። በውስጡ መቼ እንደተጣሉ የማላውቃቸው በርከት ያሉ እንቁላሎች አገኘሁ፤ አንዳንዶቹ ንጹሕ ሲሆኑ ሌሎቹን ኩስና ጭቃ ነክቷቸዋል። ውሃ ውስጥ ስከታቸው ከፊሎቹ ከሥር ተጋደሙ፣ ከፊሎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ተንሳፈፉ። የሰጠሙትን ለመብላት ይህ በቂ ማረጋገጫ ይሆናል? በተጨማሪም ከዶሮዎቹ አንዷ ታማ ስለነበር ለሁሉም በመጠጥ ውሃቸው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ያበቃውም በቅርቡ ነው። በቤታችን ትንሽ ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት ስላሉ በግምት መወሰን አልፈልግም፤ የምታውቁትን ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከነባር አርቢ

የውሃው ፈተና የሚነግርዎ የእንቁላሉን ዕድሜ እንጂ ጤናማነቱን አይደለም። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት በውስጡ ያለው እርጥበት ከቀን ወደ ቀን እየተነነ ይወጣል፤ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ክፍልም በዚያው ልክ ይሰፋል። ትኩሱ የሚጋደመው፣ ሰንበት ያለው የሚቆመው፣ ያረጀው የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ተሕዋስ የያዘ የዛሬ እንቁላል ያለ አንዳች ምልክት ይሰጥማል፤ ሽታው፣ መልኩና ጣዕሙም ከጤነኛው አይለይም።

ይህ ተሕዋስ ወደ እንቁላል የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቅርፊቱ ገና ሳይሠራ በዶሮዋ የእንቁላል ማፍሪያ አካል በኩል ሲሆን፣ ዶሮዋ ራሷ ፍጹም ጤነኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። ሁለተኛው እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ከኩስና ከረጠበ ጉዝጓዝ በቀዳዳዎቹ ሰርጎ ሲገባ ነው። ቅርፊቱን የሚሸፍነው ስስ የተፈጥሮ ልባስ ይህን ሁለተኛውን መንገድ በመጠኑ ይከላከላል፤ እርጥበትና ቆሻሻ ሲበዛበት ግን አይችልም። የቆሸሸ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የውስጡ ይዘት ስለሚኮማተር በቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ኩስ የነካቸውን እንቁላሎች ውሃ ውስጥ ማስገባቱ በራሱ አደጋውን ሊጨምር ይችላል።

እኔ ብሆን ከዚያ ስውር መጣያ የተገኘውን ሁሉ፣ ንጹሑንም ጭምር፣ አስወግዳለሁ። መቼ እንደተጣለ፣ ስንት ጊዜ ዝናብና ፀሐይ እንደተፈራረቁበት፣ ዶሮ ታቅፋው እንደነበር የማይታወቅን እንቁላል ትንሽ ልጅና ነፍሰ ጡር ባሉበት ቤት ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም። ለወደፊቱ ቢቻል በቀን ሁለት ጊዜ ይሰብስቡ፣ የሳጥኑን ጉዝጓዝ ሳይረጥብ ይቀይሩ፣ ዶሮዎቹም በመጣያው ውስጥ እንዳያድሩ ያድርጉ፤ ኩሳቸውን በብዛት የሚጥሉት በሚያድሩበት ቦታ ነውና። ጥቂት የቆሸሸውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። መታጠብ የግድ ከሆነ ውሃው ከእንቁላሉ የሞቀ ይሁን፤ እንቁላሉም አይዘፍዘፍ፣ ወዲያው ደርቆ ማቀዝቀዣ ይግባ። የተሰነጠቀውን ግን ማትረፍ አይቻልም።

መልስ፦ ከእንስሳት ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በጥያቄው መጨረሻ ላይ የተጠቀሰው መድኃኒት ነው። አስኳል በአንድ ቀን የሚሠራ አይደለም። ቅርፊቱና ነጩ ክፍል የሚጨመሩት በመጨረሻው አንድ ቀን ገደማ ሲሆን፣ አስኳሉ በፍጥነት የሚያድገው ግን ከዚያ በፊት ባሉት 10 ያህል ቀናት ነው፤ በዶሮዋም ውስጥ በየደረጃው ያሉ ብዙ አስኳሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዛሬ የተዋጠ መድኃኒት በሚቀጥለው ሳምንትና ከዚያም በኋላ በሚጣለው እንቁላል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱን ማቆም እንቁላሉን ወዲያው ንጹሕ አያደርገውም፤ መቀቀልም ብዙዎቹን መድኃኒቶች አያጠፋም።

በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ፣ ከመጨረሻው መጠን በኋላ ለስንት ቀን እንቁላሉ መበላት እንደሌለበት የሚገልጽ መመሪያ አለ። አንዳንዶቹ ደግሞ እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች ጨርሶ እንዳይሰጡ የተከለከሉ ናቸው። ማሸጊያው ከጠፋ ወይም ስለ እንቁላል ምንም ካልተጻፈበት የመድኃኒቱን ስም ይዘው ባዘዘልዎ ባለሙያ ዘንድ ይቅረቡ፤ እስከዚያ ድረስ የሁሉንም ዶሮዎች እንቁላል አይብሉ፣ ለሌላም አይስጡ። ለጥገኛ ትላትል በሚሰጥ መድኃኒትም ሆነ ለቅማልና ለመሰል ጥቃቅን ተባዮች በላባቸው ላይ በሚነፋ ዱቄት ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው።

ሌላው የታመመችው ዶሮ ሁኔታ ነው። በድንገት የሚሞቱ ዶሮዎች ካሉ፣ ራሳቸውና ኩክኒያቸው ካበጠ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም እንቁላል መጣል በአንድ ጊዜ ካቆሙ፣ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል እንቁላሉንም ሥጋውንም አይንኩ፤ ለእንስሳት ጤና አገልግሎት ወዲያው ያሳውቁ።

መልስ፦ ከአፈር ባለሙያ

ዶሮ ቀኑን ሙሉ አፈር ስለምትጭርና ስለምትለቅም በመሬቱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ እንቁላሉ ይደርሳል። ከሁሉም አብዝቼ የምፈራው እርሳስ የተባለውን ብረት ነው። የዶሮዋ አካል እርሳስን ከካልሲየም ጋር ስለሚያመሳስለው በአጥንቷ ያከማቸዋል፤ ለቅርፊት የሚሆን ካልሲየም ከአጥንቷ በምትስብበት ጊዜም አብሮ ይወጣል፣ በአስኳሉም ውስጥ ይገኛል። ዶሮዋ ምንም የሕመም ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ምንጩ የድሮ የቤት ቀለም፣ የተጣለ ባትሪ ወይም በተሽከርካሪ ጭስ የተበከለ አፈር ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ ጨርሶ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ አፈር ላይ ያረፈው ግን በራሱ አይጠፋም። ቆሻሻ፣ በተለይ ፕላስቲክ፣ ሲቃጠልበት የኖረ ቦታም ዳይኦክሲን የተባሉ መርዞችን ይይዛል፤ እነዚህ በስብ ስለሚሟሙ በአስኳሉ ውስጥ ይከማቻሉ። ጓሮዎ ቀድሞ ለምን ያገለግል ነበር?

ከጠያቂው፦

ስለ ሁሉም መልስ ከልብ አመሰግናለሁ። የተገኙትን እንቁላሎች አስወግጃለሁ፤ መድኃኒቱንም አጣርቼ መመሪያው የሚያዘውን ጊዜ እጠብቃለሁ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ዶሮዎቹ አቧራ በሚታጠቡበት በኩል ያለው የግድግዳ ቀለምም እየተላጠ ይረግፋል። ልጄ እንቁላል የሚበላው በደንብ ተቀቅሎ ነው፤ ይህ አያድነውም? አልፎ አልፎ በአስኳሉ ላይ የማየው የደም ነጥብስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከአፈር ባለሙያ

የደም ነጥቡ አስኳሉ ሲለቀቅ ከተቀደደች ትንሽ የደም ሥር የመጣ ስለሆነ አይጎዳም። መጣል ያለበት ነጩ ክፍል አረንጓዴ ወይም ሮዝ የመሰለ፣ ወይም ሲሰበር የሚገማ እንቁላል ነው።

አስኳሉና ነጩ እስኪጠነክሩ፣ ወይም የተቀላቀለ ምግብ ከሆነ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል ሳልሞኔላን ይገድላል። እርሳስን ግን የትኛውም ሙቀት አያስወግደውም፤ ለሕፃናት ምንም ጉዳት የሌለው ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠንም የለም። ስለዚህ የመድኃኒቱ ጊዜ ቢያልፍም እንኳ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ልጅዎና ነፍሰ ጡሯ ከእነዚህ ዶሮዎች እንቁላል ባይበሉ እመክራለሁ። ዶሮዎቹን ዛሬውኑ ከግድግዳው ያርቁ፣ መኖውን መሬት ላይ ከመበተን ይልቅ በገበታ ይስጡ፣ የአቧራ መታጠቢያቸውንም ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አሸዋ ይተኩ። ለላቦራቶሪ ናሙና ሲወስዱ ከግድግዳው ሥር፣ ከአቧራ መታጠቢያውና አዘውትረው ከሚጭሩበት ቦታ የላይኛውን አፈር ለየብቻ ይውሰዱ፤ ከተለያዩ ዶሮዎች የተገኙ እንቁላሎችም አብረው ይመርመሩ፤ በአንድ ጓሮ የሚውሉ ዶሮዎች እንቁላል የሚይዘው የእርሳስ መጠን በጣም ሊለያይ ይችላልና።