ስለ ደን ኢኮኖሚ የጋራ ፕሮፖዛል፦ ርዕሱን እናስተካክል

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምርምር ገንዘብ ጥሪው ወጥቷል። ጭብጡ «በደን ላይ የተመሠረተ ዘላቂ ኢኮኖሚ» ይላል። ከማኅበራችን የሚጠበቀው የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሉ ነው። ለመነሻ ያህል አንድ ርዕስ ጽፌያለሁ፤ «የእንጨት ምርቶች ማኅበራዊ ተቀባይነት»። አይከፋኝም፣ ቅደዱት።

ከአንትሮፖሎጂ፦
እንግዲያው እኔ ልጀምር። «ተቀባይነት» የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም። መሐንዲሱ ነድፎ፣ ባለገንዘቡ መድቦ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሕዝቡን አሳምኑልን ስንባል ይታየኛል። አንዴ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ። መጠይቅ ይዘን የሄድነው ደኑ ከታጠረ በኋላ ነበር። አንዲት እናት ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ አጥሩ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የታለ አሉኝ። አልነበረም። የቀረውን መጠይቅ እንዴት እንደጨረስኩት እኔው ነኝ የማውቀው።

ከኢኮኖሚክስ፦
ገባኝ፣ ግን ቃሏን ጨርሰን አንጣላት። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ሚዮስቶርኔት የሚባለው ሕንፃ 85.4 ሜትር ከፍታ አለው፤ ተሸካሚ አካሉ እንጨት ነው። ቴክኒኩ አለ ማለት ነው። እንጨት ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው እሳት ነው። መድን ሰጪውም፣ አበዳሪውም፣ ተከራዩም ያስባል። ይህ ፍርሃት ከየት መጣ፣ በምንስ ይለወጣል? ይህን እኛ ካላጠናነው ማን ያጠናዋል?

ከአንትሮፖሎጂ፦
ይጠና፣ ማን ከለከለ። ቅርንጫፍ ይሁን እንጂ ግንዱ አይሁን ነው የምለው።

ከታሪክ፦
ልጆች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። (ዓመቶቹን ሁላችንም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።) «ዘላቂነት» የሚለው ሐሳብ ራሱ ከደን ነው የወጣው። ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ በጀርመኗ ሳክሶኒ የማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበር። ማዕድን ማውጫውና ማቅለጫው እንጨቱን እየጨረሰ ቢያስቸግረው፣ በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ የሚቆረጠው ከሚተካው እንዳይበልጥ መከረ። ግሩም ሐሳብ ነው። ዋናው ጭንቀቱ ግን የማቅለጫው እሳት እንዳይጠፋ ነበር።

ቆይቶ የጀርመን ደን አስተዳዳሪዎች ድብልቁን ደን እያነሱ አንድ ዓይነት ዛፍ በመስመር ተከሉ። ለመቁጠርም ለመሸጥም አመቸ። የመጀመሪያው ዙር አማረ። ቀጥሎ የተተከለው ግን በብዙ ቦታ ደከመ። የመንደሩ ሰው በበኩሉ ግጦሹን፣ ጭራሮውን፣ የመድኃኒት ቅጠሉን አጣ። መዝገቡን ብታዩ ደኑ ደህና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረው ነው፤ ፕሮፖዛላችን እሱን ይያዝልኝ።

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ይህ መግቢያው ላይ ይገባል። አንድ አንቀጽ ብቻ ግን፤ ገጹ ውስን ነው።

ከታሪክ፦
አንድ አንቀጽ ለ300 ዓመት! እሺ፣ እሞክራለሁ።

ከሕግ፦
ጋሼ ካቆሙበት ልቀጥል። በ1968 የሥነ ምህዳር ምሁሩ ጋሬት ሃርዲን ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች መንግሥት ይውሰደው ወይም ለግል ይሰጥ ብለው ደመደሙ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብታቸውን ለረጅም ዘመን ያቆዩባቸውን ቦታዎች ሰብስባ አሳየች። በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

እሷን ስንጠቅስ ግን «ማኅበረሰቡ ያውቃል» ብለን እንዳናልፍ። ወሰኑ የታወቀ ነው? ደንቡን ያወጡት የሚገዙበት ሰዎች ናቸው? ጠባቂው ተጠያቂ የሚሆነው ለማን ነው? ቅጣቱ ከቀላል ይጀምራል? እነዚህ መስክ ላይ ወጥተን ልናያቸው የምንችላቸው ነገሮች ናቸው። ኔፓልን እንደ ማነጻጸሪያ ብንወስድስ? የ1993ቱ የደን ሕግ ለተጠቃሚ ቡድኖች የማስተዳደር መብት ሰጥቷል፤ ዛሬ ቡድኖቹ ከ20,000 በላይ ናቸው።

ከፆታ ጥናት፦
ኔፓል ከገባ እኔም አለሁ። ሕንዳዊቷ ኢኮኖሚስት ቢና አጋርዋል በሕንድና በኔፓል የደን ኮሚቴዎችን አጥንታ፣ ሴቶች በዛ ብለው የተቀመጡባቸው ኮሚቴዎች ደናቸው የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ ጽፋለች። አንድ ሁለት ሴት ለደንቡ ያህል ማስቀመጥ ያን ያህል አይፈይድም። ስብሰባ ላይ መገኘትና መናገርም የተለያዩ ናቸው።

አሁን ረቂቁን ልቆንጥጠው። የዘዴ ክፍሉ «የቤተሰብ ኃላፊዎች ይጠየቃሉ» ይላል። ብዙ ቦታ ይህ ማለት ወንዶቹ ይጠየቃሉ ማለት ነው። ስለ ጣውላ በደንብ ይነግሩናል። ስለ ማገዶ፣ ስለ እንጉዳይ፣ ስለ ቅጠላ ቅጠል የምታውቀው ግን ጓዳ ቀርታለች። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው፣ ለየብቻ ይጠየቅ።

ከኢኮኖሚክስ፦
ናሙናው እጥፍ ይሆናል። በጀቱስ?

ከፆታ ጥናት፦
የቤቶቹን ቁጥር ቀንስልኝ፣ ሰዎቹን አትንካብኝ።

ከኢኮኖሚክስ፦
ይሁን፣ ተረትቻለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። ሁላችንም ደኑን እንደ አንድ ነገር እናወራለን። አንዱን ግንድ ግን ስንት ሰው ነው የሚፈልገው? ግንበኛው ለምሰሶ፣ ጨርቅ ፋብሪካው ለቪስኮስ (ከእንጨት ለሚሠራ ክር)፣ ኃይል አመንጪው ለማንደጃ፣ የካርቦን ነጋዴው ደግሞ ካርቦኑን እንደያዘ ቆሞ እንዲቆይ። ባለሙያዎች የሚመክሩት በደረጃ መጠቀምን ነው። መጀመሪያ ምሰሶ፣ ሲያረጅ ቺፑድ፣ መጨረሻ ላይ ማገዶ። ወረቀት ላይ ያምራል። ገበያው ግን ተራ አይጠብቅም፤ ለማንደጃ ድጎማ ካለ እንጨቱ በቀጥታ ወደ እሳቱ ይሄዳል።

ቁጠባም ብቻውን አያድንም። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ይህንኑ ተናግሯል፤ ማሽኑ በቆጠበ ቁጥር አጠቃቀሙ ይሰፋል። ስለዚህ «ፕላስቲኩን በእንጨት ተካን» ከማለታችን በፊት፣ ፍጆታው ራሱ ይቀነስ ወይ የሚለው ጥያቄ ይግባ። ገምጋሚዎቹ ላይወዱት ይችላሉ።

ከሕግ፦
ይግባ። ሌላም ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ እንጨት፣ ቡና፣ ካካዎና የመሳሰለው ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊነቱ ተራዝሟል። ዓላማው ጥሩ ነው፤ የማሳው መገኛ በካርታ መጠቆሚያ ቁጥር ይቅረብ ይላል። ትልቁ ኩባንያ ባለሙያ ይቀጥራል። ትንሹ አምራች ቁጥሩን በማን ስልክ ይወስዳል፣ መረጃው ከወጣ በኋላስ የማን ነው? ለእኔ አንድ ሙሉ ወርክ ፓኬጅ (ራሱን የቻለ የፕሮጀክቱ የሥራ ክፍል) ይወጣዋል።

አስተባባሪ፦
እስካሁን ያለውን አስገብቻለሁ። ርዕሱ ተለውጧል፤ «በደን ኢኮኖሚ ውስጥ ማን ይወስናል፣ ማን ይጠቀማል?» ተቀባይነት ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፣ አልተጣለችም። የኔፓሉን ንጽጽር የሕግና የፆታ ጥናት ሰዎች አብረው ይጻፉት። መግቢያው የጋሼ ነው። ያልተስማማንበት አለ?

ከአንትሮፖሎጂ፦
አንድ። ጥያቄዎቹን ከደኑ አጠገብ ከሚኖሩት ጋር ነው የምንነድፈው ካልን፣ ለጊዜያቸው እንክፈል። የውሎ አበል ሳይሆን ደመወዝ።

ከታሪክ፦
እስማማለሁ። ዘግይቷል እንጂ።

ከኢኮኖሚክስ፦
ሠንጠረዡን ከፍቼ እያየሁት ነው። «ተመራማሪዎች» እና «ልዩ ልዩ ወጪዎች» የሚሉ መስመሮች ብቻ ናቸው ያሉት። የቱ ጋ ላድርጋቸው?

ከአንትሮፖሎጂ፦
ተመራማሪዎች ውስጥ።

ከኢኮኖሚክስ፦
ቅጹ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል።

አስተባባሪ፦
ባዶ ተወው። ከጠየቁን እኔ እመልሳለሁ።